ሰዓት ስለ መስጠት

ሰው ማኅበር ለመመሥረት የሚፈጥነውን ያህል ማኅበር ለማቆየት ቢፈጥን ኖሮ፥ የፈረሰ ማኅበር ማኅተም በየሰዉ ሣጥን ውስጥ ተቀብሮ ባልተገኘ ነበር። ይህን የምጽፈው ግን ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔው ራሴ አባል ሆኜ፥ መዋጮዬን አንድ ወር ሳላጓድል፥ ማኅበሬን ለሞት አድርሼው ስለ ነበር ነው እንጂ። አንባቢ ሆይ፥ መዋጮውን የከፈለ ሰው ማኅበሩን እንዴት አድርጎ ይገድላል ብለህ ትጠይቅ እንደ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እነግርሃለሁና ጥቂት ታገሠኝ።

ከሐረር ተነሥቶ ወደ ጅግጅጋ የሚሄድ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ባቢሌ ይደርሳል። ባቢሌ በማዕድን ውሃዋና በኦቾሎኒዋ የታወቀች ናት። ከከተማዋ አልፎ በዳካታ ሸለቆ ታላላቅ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ቆመው ይታያሉ። በገበያዋ ኦሮምኛና ሶማልኛ፥ አማርኛና ሐረርኛ ይሰማል፤ ግመል የሚነዳውም፥ ጫት የሚሸጠውም፥ ሻንጣውን ይዞ መኪና የሚጠብቀውም በአንድ መንገድ ላይ ይጋፋል። እኔም ትውልዴና ትምህርቴ በጎጃም ሆኖ ሳለ እንጀራዬ ወደዚህ ስላመጣኝ ብዙ ዘመን ኖሬባታለሁ።

በዚሁ መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ የመስተዋት ሣጥን በጠረጴዛ ላይ አኑረው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱምና ከተማው በሚጠራቸው መጠሪያ ሐጂ እላቸዋለሁ። መሣሪያቸው ወረንጦ፥ ቀጫጭን ካቻቢቴ፥ የቤንዚን ብልቃጥና በዓይን ላይ የሚሰካ ማጉያ መነጽር ነው። አብዛኛው ደንበኛ የሚመጣው ባትሪ ለማስለወጥና ማሰሪያ ለማስቀየር ነው፤ ነገር ግን በጣት እየተጠመዘዘ የሚሞላውን የቀድሞውን ሰዓት ፈትቶ፥ አጥቦና ዘይት ቀብቶ የሚገጥም ሰው በከተማው ከእርሳቸው በቀር አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኒህ ሐጂና ሌሎች ባለ ሙያዎች ተሰብስበው ማኅበር ለማቆም ተማከሩ። ሰዓት ጠጋኝ ብቻውን ሦስት ሰው እንኳ ስለማይሞላ፥ ሬዲዮ፥ ስልክና የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግኑትን ጨምረው 13 ሆኑ። እኔንም «እርስዎ መሪጌታ ከማንም ጋር የገበያ ፉክክር የለብዎትም፤ ጽሕፈትዎም ያማረ ነው» ብለው ጸሐፊ አድርገው 14ኛ አባል አደረጉኝ። አሳባችን መልካም ነበር፤ ይኸውም ዕቃ ከድሬዳዋ በኅብረት ለማስመጣት፥ ለልጆች ሙያ ለማስተማር፥ የታመመውን ባልንጀራ ለመጠየቅ፥ የጋራ መሣሪያም ለመግዛት ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ የቀረ አልነበረም፤ ሁሉም ይናገር ነበር፤ ሁሉም ራሱን ለሥራ ያቀርብ ነበር። እኔም ያንን ሁሉ በቀይና በጥቁር ቀለም ለይቼ ጻፍሁት።

በአራተኛው ወር 9 ሰው መጣ፤ በስምንተኛው ወር 5 ሰው ብቻ ተገኘ። ዕቃ ለማምጣት ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ሁልጊዜ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እርሱም ሱቁን ዘግቶ በመሄዱ ገበያው ስለ ጎደለበት አንድ ቀን ተቈጥቶ ቀረ። ከዚህ በኋላ እንደ ዕድር ልማድ በቀሪ ላይ ቅጣት እንጣል ተባለ። ቅጣቱም ተጣለ። ይህ ግን እሳትን በቅቤ እንደ ማጥፋት ሆነ። ቀድሞ የሚቀረው ሰው እያፈረ፥ ምክንያቱንም በሰው እየላከ ይቀር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቅጣቱን በልጅ ልኮ ልቡን አሳርፎ ይቀር ጀመር። መቅረት ዋጋው ታውቆ የሚገዛ ዕቃ ሆነ።

ይህ የእኛ ብቻ ሞኝነት እንዳይመስልህ። በእስራኤል አገር በሐይፋ ከተማ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሕፃናት መዋያ ለመውሰድ እየዘገዩ ስላስቸገሩ፥ በአንዳንዶቹ መዋያዎች የዘገየ ይቀጣ ተብሎ ተሞከረ። ሁለት ሊቃውንት ነገሩን ተከታትለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፥ ቅጣቱ ከተጣለ በኋላ የሚዘገየው ሰው በዛ እንጂ አላነሰም፤ ቅጣቱ ከተነሣም በኋላ የቀድሞው ይሉኝታ አልተመለሰም። ኀፍረትን በገንዘብ ከለወጡት በኋላ መልሶ መግዛት እንደማይቻል እኛም በትንሿ ማኅበራችን አየነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ በደል ልምጣ። በዚያ ዘመን የሐጂ ዓይን በሞራ ይሸፈን ጀመር። ማኅበሩም ተሰብስቦ፥ የሕክምናው ወጪ ከሣጥን ተከፍሎ ወደ ሐረር ሄደው ይታከሙ ብሎ ወሰነ። በሣጥኑ ገንዘብ ነበረ። እኔም «ማኅበሩ ሐጂን ያሳክማል» ብዬ ውሳኔውን በሚያምር እጅ ጽፌ መዝገቡን ዘጋሁ። ማን ይወስዳቸዋል፥ በየትኛው ቀን፥ ማንስ አብሮ ያድራል የሚለውን ግን የጠየቀ የለም። ሊቀመንበሩ ጸሐፊው ያደርገዋል አለ፤ እኔ ገንዘብ ያዡ ያደርገዋል አልሁ፤ ገንዘብ ያዡም የተጠየቀውን ለመክፈል ተዘጋጅቶ ተቀመጠ። ስድስት ወር አለፈ።

በስድስተኛው ወር የቅኔ መምህሬ ሲያርፉ የተዉልኝ የኪስ ሰዓት ቆመችብኝና ወደ ሐጂ ሄድሁ። ከአጠገባቸው የሚማሩ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ በዚያ ቀን ግን አንድም አልነበረም። ሰዓቷን ብሰጣቸው ክዳኗን በጥፍራቸው ፈልገው ከፈቱና ወደ ጆሮአቸው አስጠጉ።

«መሪጌታ፥ ይህች ሰዓት ሞላዋ ደኅና ነው፤ ኃይል አላነሣትም» አሉኝ። «ኃይሉን በልክ የሚለቅላት ጥርስ ነው የታመመው።»

«ታዲያ ይጠግኑልኛል?» አልኋቸው።

«ብሰማትም አላያትም» አሉ።

ልጆቹ የት እንደ ሄዱ ብጠይቃቸው «ዕውር ምን ያስተምረናል ብለው ነው መሰል፤ አንዱ ወደ ጅግጅጋ ሄደ፤ አንዱ ስልክ ቤት ገባ» ብለው ፈገግ አሉ። ስለ ማኅበሩ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ በየወሩ በደጃፋቸው እያለፍሁ መዋጮዬን የምከፍል ሰው ነኝ፤ ገንዘቤ ደረሰላቸው እንጂ እግሬ አልደረሰላቸውም። ያን ቀን ከመቀመጫዬ ሳልነሣ «በነገው ጧት እኔው እወስድዎታለሁ» አልኋቸው፤ በነገውም ሄድን። ከብዙ ምልልስ በኋላ የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተገፎ ብርሃን አገኙ። ያ ሁሉ ነገር ከእኔ የወሰደው የአራት ቀን ሥራ ነው። ስድስት ወር ሙሉ የቆየው ለዚህ አራት ቀን ባለቤት በመታጣቱ ነበር። ወደ ጅግጅጋ የሄደው ልጅ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከሐረር ስንመለስ በመኪና ውስጥ የሰዓቷን ነገር እንዲያስረዱኝ ለመንኋቸው። እንዲህም አሉኝ፤ «ሞላው የተጠቀለለ ብረት ነው። ብቻውን ቢተውት በአንድ ጊዜ ተፈትቶ ያልቃል፤ ሰዓቱም አንድ ጊዜ ፈጥኖ ዞሮ ይቆማል። ስለዚህ ከፊቱ አንድ ትንሽ መያዣ ተደርጎለታል፤ አንድ ጥርስ ይይዛል፥ አንድ ጥርስ ይለቃል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ እርሱ ነው።» ከቀድሞዎቹ ሰዓቶች ብዙዎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ 18,000 ጊዜ ይመታሉ፤ ይኸውም በአንድ ሴኮንድ 5፥ በአንድ ቀን 432,000 ማለት ነው። እያንዳንዱ ምት ከሞላው የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀኑንና ሌሊቱን የሚያስኬደው ግን ያ ጥቂቱ ነው።

ይህን በሰማሁ ጊዜ የማኅበራችን ሕመም ገባኝ። ፍቅርና ትጋት አላነሰንም ነበር፤ በመጀመሪያው ስብሰባ የነበረው ትኩሳት ለዓመታት በበቃ። ነገር ግን ጥርስ በጥርስ የሚለቀው ስላልነበረ በአንድ ጊዜ ተፈታና አለቀ።

ከዚህ በኋላ ሳይፈርሱ የሚኖሩ ማኅበራት ምሥጢራቸው ምን እንደ ሆነ እመረምር ጀመር። አስቀድሞ ወደ አሳቤ የመጣው የቅኔ ቤት ነው። በጎጃም ስንማር መምህሩ አንድ፥ ተማሪው ብዙ ነበር። ጀማሪውን ግስ የሚያስገስሰው፥ ጉባኤ ቃና ሲቈጥር ስሕተቱን የሚያርመው፥ ከእርሱ ጥቂት የቀደመው ተማሪ ነው እንጂ መምህሩ ብቻ አይደለም። ደመወዝ የሚከፈለው የለም፤ «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ስምም አልተሰጠውም። ዛሬ የተቀበለ ነገ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ይልቁንም ለእያንዳንዱ የሚያስተምረው ሰው በስም ተለይቶ ይታወቃል። «ተማሪዎች ጀማሪዎችን ይርዱ» ተብሎ በጅምላ ቢነገር ኖሮ እኔን የሚረዳኝ አንድም ባልተገኘ ነበር፤ «አንተ ይህን ልጅ ያዝ» ስለ ተባለ ግን አንድ ሰው ያዘኝ።

ዕድርም እንዲሁ ነው፤ በሐረር ከተማ አፎቻ የሚባለው፥ ሐረሪዎች በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበርም እንዲሁ ነው። በዕድር ድንኳን የሚተክለው፥ ወንበር የሚያመጣው፥ ከሐዘንተኛ ጋር የሚቀመጠው ይታወቃል። የቀረውንም ዳኛው ብቻ ሳይሆን ሐዘንተኛው በዓይኑ ያየዋል። ማንም ሰው ያ ቀን በእርሱም ደጃፍ እንደሚቆም ያውቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበሩት የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ሲያሠሩ፥ መዋጮው ሳይቋረጥ የቆየው ሰጪው የሰጠው ነገር የት እንደ ደረሰ መንገዱን ረግጦ ስላየው ይመስለኛል።

የባሕር ማዶውም ሰዓት ሠሪ ከዚህ ሕግ አልወጣም። በሎንዶን የሰዓት ሠሪዎች ማኅበር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1631 ዓ.ም. ከንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የመቋቋሚያ ደብዳቤ ተቀበለ። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ በከተማይቱና በዙሪያዋ 10 ማይል ድረስ ክፉ ሥራን መርምሮ የመያዝ ሥልጣን ስለ ነበረው፥ ባለ ሙያው በፍርሃትም ቢሆን ይታዘዘው ነበር። ዘመን ሲለወጥ ያ ሥልጣን ከእጁ ወጣ። ሥልጣኑ ባለቀ ጊዜ ማኅበሩ አብሮ ማለቅ ይገባው ነበር፤ እርሱ ግን እስከ ዛሬ አለ። በ1813 ዓ.ም. መጻሕፍት ማከማቸት ጀመረ፤ የአባቶችን ሰዓት ሰብስቦ ለሕዝብ አሳየ፤ ተማሪዎችን ይረዳል። ማስገደድ ባልቻለ ጊዜ መጥቀም ጀመረ ማለት ነው። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በሎንዶን ሌሎች ሰዓት ሠሪዎች ሙያውን ለማስተማርና ለማሻሻል ሌላ ተቋም አቆሙ፤ እርሱም እስካሁን አለ።

ሙያው ራሱ ታላቅ ፈተና አልፎበታል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ሴይኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። ዛሬ በተለመደው የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለው ድንጋይ በባትሪ ኃይል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ስለዚህም ከቀድሞው ሰዓት ይልቅ ልኩን ይጠብቃል፤ ዋጋውም እያደር ረከሰ። በስዊስ አገር በ1970 ዓ.ም. ወደ 90,000 የሚጠጋው የሰዓት ሠራተኛ በ15 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ሆነ። ቀጥሎ የእጅ ስልክ መጣና ሰዓትን ከብዙ ሰው እጅ አወለቀ። ሙያው እንዲህ ሲጠብ ባልንጀራን እንደ ጠላት ማየት ይመጣል፤ ማኅበር ይበልጥ የሚያስፈልገውም በዚያን ጊዜ ነው። ስዊስና ፈረንሳይ በ2020 ዓ.ም. የሰዓት ሥራ ጥበብን በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ያስገቡት የእጅ ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ ካልተላለፈ ሙያተኛው ጋር አብሮ የሚቀበር ስለ ሆነ ነው። የባቢሌው ሐጂ ጥበብም በዚያ ስድስት ወር ወደ መቀበሩ ቀርቦ ነበር።

እኛም ሐጂ ከዳኑ በኋላ ማኅበሩን እንደ ቆመ ሰዓት ፈትተን እንደ ገና ገጠምነው። ያደረግነው ነገር ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ለሌላ ማኅበር ቢጠቅም ብዬ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ፥ በመዝገቡ ከገንዘብ መዋጮ አጠገብ የሰዓት መዋጮ የሚል ዓምድ አሰመርሁ፤ እያንዳንዱ በወር ሁለት ሰዓት ይሰጣል። ብዙ ብንጠይቅ ኖሮ ሁሉም በአፉ ይሰጥ፥ በእግሩ ይቀር ነበር። ሁለተኛ፥ «ማኅበሩ ያደርጋል» የሚል ቃል በመዝገብ እንዳይጻፍ ከለከልሁ፤ የሚያደርገው ሰው ስምና የሚያደርግበት ቀን ካልታወቀ ብዕሬን አላነሣም። ሦስተኛ፥ አንድ ሰው ሁለት ሥራ እንዳይዝ ወሰንን። ፈቃደኛ በሬ ሁልጊዜ ቢጠመድ መጨረሻው መሰበር ነውና፥ ሬዲዮ ጠጋኙን ያስኮረፈው ይኸው ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ነገር ግን ሎሚው በራሱ አይታደልም፤ ቆጥሮ የሚያድል ያስፈልገዋል።

አራተኛ፥ ቅጣቱን አነሣን። ሁለት ጊዜ የቀረውን ሰው ሁለት አባላት በቤቱ ሄደው «ምን ሆነህ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። እንዲህ በመጠየቃችን አንዱ ሚስቱ ታማበት፥ አንዱ ደግሞ መዋጮ አጥቶ አፍሮ እንደ ቀረ አወቅን፤ እኛ ግን ሁለቱንም ሰነፎች ብለን ቀጥተናቸው ነበር። አምስተኛ፥ ስብሰባ የሚከፈተው ባለፈው ወር የተሰጠው ሰዓት ምን እንዳፈራ በመናገር ነው። የመጨረሻው፥ ሊቀመንበሩ በየስድስት ወሩ ይለወጣል፤ የሚወርደው የሚወጣውን አንድ ወር አብሮ ያለማምደዋል። ጸሐፊነቱንም ቢሆን አንድ ወጣት ስልክ ጠጋኝ ከእኔ እየተማረ ነው፤ እጅ ጽሕፈቱ ገና ነው፥ ቀኑን ግን አይስትም።

ይህን ሁሉ በማድረጋችን ሁሉም ተመለሰ ብዬ ብዋሽ አንባቢ አያምነኝም። ከ14ቱ 9ኙ ጸኑ፤ ሦስቱ ለቀቁ፤ ሁለቱ ደግሞ «ገንዘብ እንሰጣለን፥ ጊዜ ግን የለንም» አሉ። እነዚህን ሁለቱን አላባረርናቸውም፤ እኔም ትናንት እንደነርሱ ነበርሁና የምነቅፍበት አፍ የለኝም። ሬዲዮ ጠጋኙን ሐጂ ራሳቸው በቤቱ ሄደው ይቅርታ ጠየቁት። እኛ በድለነው ሳለ ይቅርታ የጠየቁት ያልበደሉት ሆኑና ሁላችንም አፈርን። እርሱም ተመለሰ፤ አሁን ግን ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሌሎች በተራ ይወርዱታል።

ሐጂ በአንድ ዓይናቸው ያያሉ፤ እጃቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ልጆች በጠረጴዛቸው ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አባላቱም በየተራ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው መብራቱንና መሣሪያውን ያሰናዳሉ። ያ ቀድሞ ስልክ ቤት ገብቶ የነበረው ልጅ ከሦስቱ አንዱ ነው። የመምህሬን ሰዓት የፈታት እርሱ ነው፤ ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው በጆሮአቸው እየሰሙ «ጥቂት ጨምር፤ በቃ፤ መልስ» ይሉት ነበር። ሲጨርስ በእጄ አኖራት።

«መሪጌታ፥ በቀን ሁለት ደቂቃ ያህል ትዘገያለች፤ ከዚህ የበለጠ ገና አልቻልሁም» አለኝ።

«ልጄ፥ ከ1,440 ደቂቃ ሁለት ብታጎድል እኔ ከዚያ የባሰ አጉድያለሁ» አልሁት።

ነገሩን ያልተረዳው ልጅ ሳቀ፤ ሐጂ ግን አልሳቁም፤ እጄን ያዙኝ።

በአዲሱ መዝገብ ሽፋን ላይ፥ ለራሴ ማስታወሻ እንዲሆነኝ፥ ይህችን ሁለት ቤት ጽፌአለሁ፤ ሰሙንና ወርቁን መለየት ለአንባቢ አያዳግትም፤

ባለ ሰዓት ሁላ ሰዓት የለኝ ካለ፥
ለሰዓት ጠጋኙ ማን ሰዓት አደለ?

በሚመጣው ሳምንት ከልጆቹ ጋር የመቀመጥ ተራው የእኔ ነው። በመዝገቡ ላይ ስሜና ቀኑ ተጽፎአል፤ የጻፈውም ያ ወጣት ጸሐፊ ነውና ልቀር ብል የሚያስቀረኝ የለም።